የጋራ ላይብረሪያችሁን ቁልፍ ማን ይያዝ? ለትንንሽ የሶፍትዌር ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሲስተማችን ጠፋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የምሠራበት ቡድን አንድ የጋራ ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ አፖች የሚጋሩት ኮድ፣ ነበረው። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይራል፣ ብር ሲጻፍ ኮማውን በቦታው ያስገባል፣ የክፍያ ሲስተሞችን ያናግራል። አራት አፕሊኬሽኖች ይጠቀሙበታል። አንድ ጎበዝ ልጅ የቀን መቀየሪያውን ኮድ አየው፤ ተንዛዛበት። አሳጠረው። ሲያሳጥረው ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ሆና አረፈችው። ያንኑ በቀጥታ ሜይን ላይ፣ ማለትም ዋናው የኮድ ቅጂ ላይ፣ ፑሽ አደረገው (ላከው)። ማንም አላየለትም። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ ለወራት ማንም አልነቃም። ቀኗ ስትደርስ የእኛ አፖች እንቁጣጣሽን ከአገሩ ሁሉ አንድ ቀን ቀድመው አከበሩ።

ልጁን ተቆጣነው? ትንሽ። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። ስምንት ሰዎች ነበርን፤ ስምንታችንም አድሚን ነበርን። ለምን ቢባል፣ አንዱን አድሚን አድርጎ ሌላውን መተው ስለሚከብድ። «እኔ ምን አጎደልኩ?» ይላል ሰው። በይሉኝታ ሁሉም ቁልፍ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሙጭጭ ብዬ ይዣለሁ፦ የኮድ ፈቃድ ማዕረግ አይደለም። ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ይሰጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ባለቤቱም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። ይህን ለቡድናችሁ ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ቀጥሎ ያለው መመሪያ ሁሉ ኩርፊያ ነው የሚያተርፍላችሁ።

መመሪያውን የጻፍኩት ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሀብና የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች በሚወጡበት በኤንፒኤም ነው፤ ብዙዎቻችን የምንውለው እዚያ ስለሆነ። ሌላ መሣሪያ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ስሞቹ ይለያዩ ይሆናል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ በሮቹ ሦስት ናቸው

«ላይብረሪውን ማን ያግኝ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በር ምንጭ ኮዱ ነው፤ ማን ያነበዋል፣ ማን ይቀይረዋል። ሁለተኛው የተዘጋጀው ፓኬጅ ነው፤ አዲስ ቨርዥን ማን ያወጣል፣ ማን ያወርዳል። ሦስተኛው የላይብረሪው ውስጠኛ ክፍል ነው፤ አፕሊኬሽኖቹ የትኛውን ፈንክሽን መጥራት ይችላሉ፣ የትኛው የቤቱ ገመና ነው።

አብዛኛው ቡድን የመጀመሪያውን በር ይዘጋና ተኛሁ ይላል። በእኔ ግምት የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

ደረጃ 1፦ ወረቀት ላይ ጻፉ

ኮምፒውተሩን አትክፈቱ። አንድ ገጽ ወረቀት ያዙና አሁን ላይብረሪው ላይ መብት ያለውን ሁሉ ጻፉ። ሰዎችን ብቻ አይደለም። አፑን የሚገነባው ሰርቨርም አለ። ባለፈው ዓመት ለሁለት ወር የመጣው ኮንትራክተርም አለ። «ለጊዜው» ተብሎ የተፈጠረው የጋራ አካውንትም አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ይህ መብት ለምን ሥራ ያስፈልገዋል?» የሚለውን መልሱ። መልሱ «እንዲያው ይኑረው» ከሆነ አክብቡት።

እኛ ይህን ስናደርግ ከሄደ አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ሰው ስም ተገኘ። አሁንም አድሚን ነበር። ምንም አላደረገም፤ ጨዋ ሰው ነው። ቢሆንም።

ደረጃ 2፦ ኮዱን ከሰው ስም አውጡ

ብዙ የጋራ ላይብረሪ የተወለደው በአንድ ሰው የግል አካውንት ስር ነው። ጀማሪው እሱ ነበርና እዚያው ቀረ። ይህ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ በግል አካውንት ስር ያለ ሪፖ (የኮዱ ማስቀመጫ) ላይ የመብት ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። ባለቤት አለ፣ ኮላቦሬተር አለ፣ በቃ። ኮላቦሬተር የሆነ ሁሉ ኮዱን መቀየር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከሥራ ሲለቅ ቤቱ በስሙ ነው።

ስለዚህ ጊትሀብ ላይ ኦርጋናይዜሽን፣ ማለትም የድርጅት አካውንት፣ ክፈቱ። ነጻ ነው፣ ዝግ ሪፖም በነጻ ይፈቅዳል። ከዚያ ወደ ሪፖው ሴቲንግ ግቡ፣ እስከ ታች ውረዱ። «ዴንጀር ዞን» የሚል ቀይ ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ ባለቤትነትን ማዛወሪያ ታገኛላችሁ። ቀዩ አያስደንግጣችሁ፤ የቆየው አድራሻ ወደ አዲሱ ያመራል፣ የኮዱ ታሪክም አብሮ ይሄዳል።

የኦርጋናይዜሽኑ ኦነር (ባለቤት) ሁለት ሰው ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ስልኩ የጠፋበት ቀን ሁላችሁም በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። አምስት ከሆነ ደግሞ ወደ ጳጉሜ ታሪካችን ተመለስን ማለት ነው።

እግረ መንገዳችሁን ባለሁለት ደረጃ መግቢያን ለሁሉም አባል ግዴታ አድርጉት። ከማብራታችሁ በፊት ግን ለሰው ተናገሩ፤ ያላስተካከለ ሰው ጠዋት ሲመጣ ኮዱ ዝግ ይሆንበታል። ከኤስኤምኤስ ይልቅ በስልክ ላይ ያለ የኮድ አፕ ይሻላል። የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትሙና ስልካችሁ በማይኖርበት ቦታ አስቀምጡ። ስልኩ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቀረ።

ደረጃ 3፦ መነሻውን ዜሮ አድርጉት

ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም። ኦርጋናይዜሽን ስትከፍቱ ጊትሀብ አባል ለሆነ ሁሉ፣ ያላችሁን ሪፖ በሙሉ የማንበብ መብት በራሱ ይሰጣል። ዛሬ የቀጠራችሁት ዲዛይነር የክፍያ ላይብረሪያችሁን ማንበብ ይችላል። ማንም አስቦ አልሰጠውም፤ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲያ ነው።

ወደ ኦርጋናይዜሽኑ ሴቲንግ ግቡ፣ የአባላት መብት የሚለውን ክፈቱ፣ «ቤዝ ፐርሚሽንስ» የሚለውን ፈልጉ። «ኖ ፐርሚሽን» የሚለውን ምረጡ። አሁን ማንም አባል ካልሰጣችሁት በቀር ምንም አያይም። ኦነሮቹ ሲቀሩ፤ እነሱ ሁልጊዜም ሁሉን ያያሉ።

ይህን ከመጫናችሁ በፊት ግን ደረጃ 4ን አዘጋጁ። አለዚያ በአንድ ክሊክ ሁሉንም ከሥራ ታስወጣላችሁ፣ ስልካችሁም አያርፍም።

ደረጃ 4፦ ለሰው ሳይሆን ለቡድን ስጡ

መብት ለአበበ አትስጡ። «የላይብረሪ ጠባቂዎች» የሚባል ቲም ፍጠሩና መብቱን ለእሱ ስጡ፤ አበበን እዚያ ውስጥ አስገቡት። ልዩነቱ የሚታወቀው አበበ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሲዛወር ነው። ከአንዱ ቲም አውጥታችሁ ሌላው ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ አለቀ። ሪፖ በሪፖ እየዞራችሁ ስሙን አትለቅሙም። ይሉኝታውም ይቀንሳል። «አንተን አወጣንህ» ከማለት «ቲምህ ተቀየረ» ማለት ይቀላል።

ጊትሀብ አምስት ደረጃ አለው። ሪድ ያነባል፣ ያወርዳል። ትሪያጅ ኮድ ሳይነካ የቀረቡ ችግሮችንና ጥያቄዎችን ያደራጃል፤ ለፕሮጀክት አስተባባሪ የተሰፋ ነው። ራይት ኮድ ፑሽ ያደርጋል። ሜንቴን ሪፖውን ያስተዳድራል፣ አደገኛዎቹን ነገሮች ግን አይነካም። አድሚን ሁሉን ይችላል፤ መሰረዝም ጭምር።

ለአንድ ስምንት ሰው ቡድን የማደርገው ይህን ነው። ላይብረሪውን የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሜንቴን። አፕሊኬሽኖቹን የሚሠሩት ሁሉ ራይት። አስተባባሪው ትሪያጅ። አድሚን ማንም አይሁን፤ ኦነሮቹ ይበቃሉ።

«ለአፕ ሠሪዎቹ ሪድ አይበቃም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይበቃል። ሪድ ያለው ሰው የራሱን ቅጂ በፎርክ አውጥቶ ማሻሻያ ሊያቀርብ ይችላል፣ የዝግ ሪፖ ፎርክ በኦርጋናይዜሽኑ ከተፈቀደ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል። ትንሽ ቡድን ውስጥ ግን ፎርክ ጣጣው ይበዛል። ሰው ጣጣ ሲበዛበት ኮዱን ኮፒ አድርጎ የራሱ አፕ ውስጥ ይለጥፋል። ያኔ አራት ጳጉሜ ይኖራችኋል። ስለዚህ ራይት ስጡ፤ ሜይንን ግን ቆልፉ።

ደረጃ 5፦ ሜይንን ቆልፉ

ራይት ያለው ሰው የራሱን ብራንች (ከሜይን የተለየ የኮድ ቅርንጫፍ) ይክፈት፣ የፈለገውን ይሞክር። ሜይን ላይ ግን በቀጥታ ማንም አይጻፍ። በሪፖው ሴቲንግ ውስጥ ብራንች የሚለውን ክፈቱና ለሜይን የብራንች ጥበቃ ሕግ ፍጠሩ።

ለውጥ በፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን አይታችሁ አስገቡልኝ» በሚል ጥያቄ፣ ብቻ ይግባ፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ያጽድቅ። ከጸደቀ በኋላ አዲስ ኮድ ከተጨመረ ማጽደቂያው ይሰረዝ። ይህ ካልበራ ሰው ንጹህ ኮድ አሳይቶ አስጸድቆ ከዚያ ሌላ መጨመር ይችላል። በተንኮል ባይሆንም በጥድፊያ ይደረጋል። ቴስቱ ሳያልፍ አይግባ። ፎርስ ፑሽ ይከልከል፤ ታሪክን የሚፍቀው እሱ ነው።

ከዚያ ሰው የሚዘላት ሳጥን አለች፦ ሕጉን አድሚኖችም ማለፍ እንዳይችሉ የምታደርገዋ። ካልነካችኋት አድሚኖች ሕጉን መዝለል ይችላሉ። ምልክት አድርጉባት። አርብ ማታ ነገሮች ሲበላሹ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ የሚዘልለው አድሚን ነው። እኔ ራሴ ዘልዬ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ እናውራ። ይህ መቆለፊያ ለክፍት ሪፖ በነጻ ነው። ለዝግ ሪፖ ግን በነጻው ኦርጋናይዜሽን አይሠራም፤ በሰው በወር 4 ዶላር የሚከፈልበት የቲም ፕላን ይፈልጋል። ስምንት ሰው 32 ዶላር ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ዶላሩ ነው የሚቸግረው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በውጭ ምንዛሪ በካርድ የመክፈልን ነገር የሞከረ ያውቀዋል። መክፈል ካልቻላችሁ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ጊትላብ የሚባለው የጊትሀብ ተፎካካሪ ነው። በነጻው ደረጃ የዝግ ፕሮጀክት ብራንች መቆለፍ ይፈቅዳል። ግን በጊትላብ ድረ ገጽ ላይ ነጻ የሆነ ዝግ ግሩፕ ከአምስት ሰው በላይ አይይዝም፤ ማጽደቅን ግዴታ ማድረግም የሚከፈልበት ነው። ዞር ብሎ መሄድ ይቻላል፦ ወደ ሜይን ማስገባትን ለሁለቱ ጠባቂዎች ብቻ ፍቀዱ።

ሁለተኛው በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጊቲ የሚባለውን መትከል ነው። ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ቀላል ነው፣ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ሰርቨር ላይ ይሠራል። ብራንች መቆለፍም፣ ማጽደቅን ግዴታ ማድረግም በነጻ አለው። ከቨርዥን 1.17 ጀምሮ የፓኬጅ ማከማቻም ጨምሯል። ዋጋው ሌላ ነው፦ ባካፕ የእናንተ ሥራ ይሆናል፣ መብራት ሲጠፋም የምትደውሉለት ሰው የለም። ቢሮ ጥግ ባለ ኮምፒውተር ላይ አትትከሉት። ተክላችሁም ከሆነ ባካፑ ሌላ ሕንጻ ይደር።

ደረጃ 6፦ ለአስቸጋሪዎቹ ፋይሎች ጠባቂ ስጡ

ሁሉም ፋይል እኩል አይደለም። የብር ኮማን ማንም ቢያጸድቅ ግድ የለም። የቀን መቀየሪያውንና የክፍያውን ፎልደር ግን የሚያውቀው ሰው ካላየው አይግባ። ለዚህ «ኮድኦነርስ» የሚባል ፋይል አለ። በአንድ መስመር የፎልደሩን መንገድ ትጽፋላችሁ፣ ከጎኑ የቲሙን ስም። ከዚያ በሜይን ሕግ ላይ የኮድ ባለቤት ማጽደቅ ግዴታ ነው የሚለውን ታበራላችሁ።

ሁለት ወጥመድ አለበት። ፋይሉ ውስጥ ከአንድ በላይ መስመር ከተገጣጠመ የሚሠራው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ አጠቃላዩን ላይ፣ ዝርዝሩን ታች ጻፉ። እንዲሁም ኮድኦነርስ ፋይሉ ራሱ ጠባቂ ይኑረው። አለዚያ ሰው ስሙን ጨምሮበት ይገባል።

ደረጃ 7፦ የማሽኖቹን ቁልፍ ለዩ

አሁን አርብ ማታውን ልንገራችሁ። የሌላ ቡድን ታሪክ ነው፣ እኔም ነበርኩበት። አንድ ሲኒየር ለቀቀ። በጨዋነት ሸኘነው፣ ኬክ ተቆረሰ። ሰኞ አካውንቱን አስወጣነው። አርብ አዲስ ቨርዥን ልናወጣ ስንል አፑን የሚገነባው ሰርቨር ላይብረሪውን ማውረድ አቃተው። ሦስት ሰዓት ፈለግን። ለካስ ሰርቨሩ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚገባው በዚያ ሰው የግል ቶከን (በፓስወርድ ፋንታ የሚያገለግል ምስጢራዊ ኮድ) ነበር። ሰውየውን ስናስወጣ ሰርቨሩንም አብረን አስወጣነው።

ይህ እንኳ የተሻለው መጨረሻ ነው። የባሰው ቶከኑ መሥራቱን መቀጠሉ ነበር።

ጊትሀብ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጊት፣ የኮዱን ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም፣ በኩል በፓስወርድ መግባትን አቁሟል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወይ ቶከን አለው ወይ ኤስኤስኤች ቁልፍ። ቶከን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው ዓይነት፣ «ክላሲክ» የሚባለው፣ የሪፖ መብት ከተሰጠው ባለቤቱ የሚደርስበትን ዝግ ሪፖ ሁሉ ይከፍታል። አንድ ላይብረሪ ለማንበብ ተብሎ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። «ፋይን ግሬንድ» የሚባለው በ2022 እ.ኤ.አ. መጣ፤ ይህን ሪፖ ብቻ፣ ለማንበብ ብቻ፣ እስከዚህ ቀን ብቻ ማለት ትችላላችሁ።

ሰርቨር አንድ ሪፖ ብቻ ማንበብ ከፈለገ ከሁለቱም የሚቀለው ዲፕሎይ ኪ ነው። በዚያ ሪፖ ላይ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ነው፣ ካልፈቀዳችሁለት አይጽፍም። ከሰው ጋርም አልተሳሰረም። ግን ይህ ሁለት ስለት አለው፦ የፈጠረው ሰው ቢሄድም ቁልፉ አይሄድም። በደረጃ 1 ወረቀታችሁ ላይ ዲፕሎይ ኪዎቹንም ጻፉ።

ቶከን ኮድ ውስጥ አይጻፍም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አንድ ቀን ያደርገዋል። ካደረጋችሁት ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፤ ጊት አይረሳም፣ የቆየው ኮሚት (ተመዝግቦ የተቀመጠ ለውጥ) ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ቶከኑን ሰርዙ፣ አዲስ አውጡ። ታሪክ ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ነው። ታሪኩን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ሲታገል ቶከኑ ያን ግማሽ ቀን ክፍት ነው።

ደረጃ 8፦ ፐብሊሽ የሚያደርገውን (አዲስ ቨርዥን የሚያወጣውን) እጅ ቁጠሩ

ያስፈራኛል ያልኳችሁ በር ይህ ነው። ምንጭ ኮዱን ስትቆልፉ ቆይታችሁ፣ ማንም ከላፕቶፑ አዲስ ቨርዥን ማውጣት ከቻለ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አፕሊኬሽኖቹ የሚያወርዱት ፓኬጁን ነው። ሪፖው ውስጥ ያለውንማ ማን ያየዋል?

በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት ስትሪም የሚባል በጣም የተስፋፋ የኤንፒኤም ፓኬጅ ነበር። ሠሪው ሥራውን ሰልችቶት ነበር። አንድ የማያውቀው ሰው «ልርዳህ» ብሎ ጠየቀው፣ የማውጣት መብቱን ሰጠው። ሰውየው ሌላ ፓኬጅ ጨመረበት፤ ውስጡ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ነበር። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ተጋለጠ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ አካል ከሁለት ዓመት በላይ በትህትና ሲያግዝ ቆይቶ ጠባቂ ሆነ። ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር አስገባ። የኋላ በሩን የሚያነቃው ቁራጭ በጊት ሪፖው ውስጥ አልነበረም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር የደረሰበት የሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት «ምን ሆነ?» ብሎ ነው። ሪፖውን ብቻ የጠበቀ ሰው አያየውም ነበር።

ስለዚህ የማውጣት መብት የሰው አይሁን፣ የማሽን ይሁን። ሥራዎችን በራሱ በሚያሂደው ጊትሀብ አክሽንስ ላይ አንድ ሥራ አዘጋጁ፤ ሜይን ላይ አዲስ የቨርዥን ታግ (የቨርዥን ቁጥር የያዘ ምልክት) ሲመጣ ቴስት ያደርጋል፣ ይገነባል፣ ያወጣል። ታግ መፍጠርንም በሕግ ለጠባቂዎቹ ብቻ ወስኑ። የማውጣት ቶከኑ እዚያ ሥራ ውስጥ ብቻ ይኑር። እናንተም በእጃችሁ አታውጡ።

ቀጥሎ የስም ነገር። ላይብረሪያችሁን «ቀን መቀየሪያ» የሚል ተራ ስም ሰጥታችሁ በውስጥ ማከማቻ ብቻ ካስቀመጣችሁት፣ ማንም ሰው በዚያው ስም በሕዝባዊው ማከማቻ ላይ ከፍ ያለ ቨርዥን ሊያወጣ ይችላል። አንዳንድ መሣሪያ ሁለቱንም ያያል፣ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል። የፓይተን ፓኬጆችን የሚያወርደው ፒፕ ተጨማሪ ማከማቻ ሲሰጠው እንዲሁ ያደርጋል። አሌክስ ቢርሳን የሚባል የደኅንነት ተመራማሪ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ይህንን ዘዴ ይፋ አደረገ። አፕልን፣ ማይክሮሶፍትንና ፔይፓልን ጨምሮ ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ኮዱ ሮጦለት ነበር። በር አልሰበረም። ስማቸውን ብቻ ነው የተዋሰው።

በኤንፒኤም መድኃኒቱ ስኮፕ ነው። የፓኬጁ ስም በ@ ምልክትና በድርጅታችሁ ስም ይጀምር። ያንኑ ስም በሕዝባዊው ኤንፒኤም ላይም አስመዝግቡ፤ ባትጠቀሙበትም ሌላ እንዳይይዘው፣ ለክፍት ፓኬጅ ነጻ ነው። ከዚያ ኤንፒኤምአርሲ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ «ይህ ስኮፕ ያለው ሁሉ ከውስጥ ማከማቻችን ይምጣ» ብላችሁ ጻፉ። ቶከኑን እዚያ ፋይል ውስጥ እንዳለ አትለጥፉ፤ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በማሽኑ ላይ ከሚቀመጥ ቅንብር) ይውሰድ። የውስጥ ማከማቻው ጊትሀብ ፓኬጅስ ሊሆን ይችላል፤ ስኮፑ ያኔ ከኦርጋናይዜሽኑ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ጊቲም ይሆናል፣ ቨርዳቺዮ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌርም ይሆናል።

በአፕሊኬሽኖቹ በኩል ደግሞ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን የሚመዘግበውን የሎክ ፋይል ኮሚት አድርጉ። ሰርቨሩ ላይ በ«ኢንስቶል» ፋንታ «ሲአይ» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ፤ ሎክ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያመጣው።

የማይወጣ ኮድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አፕሊኬሽኑ ራሱ፣ ፓኬጅ ጄሰን በሚባለው የፓኬጁ መግለጫ ፋይል ውስጥ «ፕራይቬት» የሚለውን እውነት አድርጉት። ማንም ተሳስቶ ሊያወጣው ቢል ኤንፒኤም እምቢ ይላል። ለላይብረሪው ደግሞ «ፋይልስ» የሚለውን ዝርዝር ሙሉ፤ ፓኬጁ ውስጥ የሚገባው እዚያ የተጻፈው ነው። ከማውጣት በፊት «ኤንፒኤም ፓክ» የሚለውን በ«ድራይ ረን» አሂዱት፣ ሳያወጣ ምን ምን እንደሚገባ ይዘረዝርላችኋል። የመጀመሪያ ጊዜ ሳሄደው የሙከራ ዳታ ፎልደራችን ከነሙሉ ክብሩ ተዘርዝሮ አገኘሁት።

ደረጃ 9፦ ውስጠኛውን ክፍል ለዩ

ይህ አጭር ነው። ፓኬጅ ጄሰን ውስጥ «ኤክስፖርትስ» በሚለው ስር ሰው እንዲጠራቸው የምትፈልጓቸውን ብቻ ዘርዝሩ። ከኖድ 12 ወዲህ ባሉ ቨርዥኖች ያልተዘረዘረ ፋይል መጥራት ስህተት ይሰጣል። ጎ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ኢንተርናል» የሚል ፎልደር ይበቃል፣ የቋንቋው መገንቢያ መሣሪያ ራሱ ይከለክላል። ጃቫ ከ9 ጀምሮ ሞጁል አለው። ፓይተን ላይ ከስም በፊት የሚገባው የታች ሰረዝ (_) ልመና ነው፣ ክልከላ አይደለም።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ደኅንነት አይደለም። ፓኬጁን ያወረደ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሰው የውስጥ ፈንክሽናችሁን ካልጠራ ነገ ስትቀይሩት ማንም አይጮህም።

ደረጃ 10፦ የሚሄድ ሰው ሲኖር

ሰው በሚለቅበት ቀን፣ ኬኩ ሳይቆረስ፣ ይህን አድርጉ። ከሁሉ በፊት የትኛው ማሽን በስሙ እንደሚገባ ጠይቁት። ፊት ለፊት፣ በግልጽ። «ሰርቨር ላይ ያንተ ቶከን አለ?» ከማለት የሚቀል ነገር የለም፤ የእኛን ሦስት ሰዓት ያተርፍላችኋል። ያንን ከቀየራችሁ በኋላ ከኦርጋናይዜሽኑ አስወጡት። የዝግ ሪፖ ፎርኩ አብሮ ይሰረዛል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቅጂ ግን ይቀራል፤ እሱን ጊትሀብ አይደርስበትም። ስለዚህ በዚያ ኮድ ውስጥ ወይም በእጁ ያለፈ የጋራ ፓስወርድ ካለ ቀይሩ። ከኤንፒኤምና ከሰርቨሩም አስወጡት።

እንዲህ ማድረግ ሰውየውን መጠራጠር አይደለም። እኔ ስለቅቅ ራሴ ነኝ «ዛሬውኑ አስወጡኝ» ያልኩት። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ስሜ ዝርዝሩ ላይ እንዲገኝ አልፈለግሁም።

በሦስት ወር አንዴ ደግሞ የደረጃ 1 ወረቀቷን አውጡና ከሴቲንጉ ጋር አስተያዩ። ሻይ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አሁን ቁልፉን ሞክሩት

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ኦነር በሆነው አካውንት ግቡ። ሜይን ላይ አንድ ባዶ መስመር ጨምሩና በቀጥታ ፑሽ አድርጉ። ከተከለከላችሁ ጥሩ። ከገባ፣ ደረጃ 5 ላይ ያለችውን ሳጥን ረስታችኋል፤ ተመለሱና ምልክት አድርጉባት። ከዚያ ከላፕቶፓችሁ አዲስ ቨርዥን ለማውጣት ሞክሩ። ይህም እምቢ ካላችሁ ላይብረሪው ላይ አንድ ቴስት ጨምሩ፦ 2019 ዓ.ም. ላይ ጳጉሜ ስንት ቀን ናት? መልሱ 6 ነው።